የጃዕፈር ምርቃት

ፊልሙን ገና ሳታየው መጨረሻውን የሚነግርህ፣ ያልረገጠውን አገር መንገድ የሚያሳይህ፣ በዜና ያልተነገረውን የሚተነትንልህ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ያ ሰፈር ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። ናዝሬት መናኸሪያ አካባቢ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጃዕፈር ናቸው። ክቡርነታቸው በአንዲት ጠባብ ሱቅ ተቀምጠው ለሾፌሮች ፍላሽ ላይ ዘፈንና ፊልም ይጭናሉ። አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን፤ ሰፈሩ ውስጥ አንቱ ያለው ሰው የለም።

ጃዕፈር ወሬ የሚጀምረው «ውስጡን የማውቀው እኔ ነኝ» ብሎ ነው። ፊልም ልታስጭን ስትገባ «ወንድሙ ነው የገደለው፤ ውስጡን የማውቀው እኔ ነኝ» ይልና ብርህን ይቀበልሃል። የኢስታንቡል ኤርፖርት ሽንት ቤት በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር ይነግርሃል፤ ፓስፖርት ግን አውጥቶ አያውቅም። ከናዝሬት ርቆ የሄደው ለለቅሶ አቦምሳ ድረስ ነው። የዓለም ፖለቲካማ አያድርስ ነው። ሁለት ሚኒስትሮች በቴሌቪዥን ሲጨባበጡ ካየ፣ የማንኛው እጅ ቀድሞ እንደላላ ተመልክቶ ጦርነት ያውጃል።

የክለብ ሙዚቃ ሲነሳ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ይሆናል። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ የክለብ በር አልፎ አያውቅም። «ቤዙ ደረትህን ካልመታህ ሙዚቃ አይባልም!» ይላል። ሽንኩርት ሻጭ መዝኖ ሲያበቃ ሁለት ራስ ጣል እንደሚያደርግልህ፣ ጃዕፈርም ያዘዝከውን ጭኖ ሲያበቃ አምስት የክለብ ሙዚቃ ምርቃት ይጨምርልሃል። አልፈልግም ብትል ያዝንብሃል።

ሽኩር ይህን ሁሉ ያውቃል። ሽኩር ከዓለም ጤና ሽንኩርት እያመጣ የሚያከፋፍል፣ ቁጣው ቅርብ የሆነ ነጋዴ ነው፤ በጃዕፈር ሱቅ ፊት ላለማለፍ በጀርባ መንገድ ይዞራል። ያን ቅዳሜ ግን ማምለጫ አጣ። የእህቱ ልጅ ዛኪር ደራ ላይ ሑስና የምትባል ልጅ ወዶ፣ ሽኩር ሽማግሌ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ በቀጠሮ ተመልሷል። አባቷ ሐጂ በዳሶ ከአሰላ አይሱዙ ያለው ሌላ ጠያቂ መምጣቱን አልደበቁም። «የልጁን ጠባይ የሚያሠራው ሰው መጥቶ ይንገረኝ። ያኔ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣችኋለሁ» አሉ። ዛኪር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስልክ ሲጠግን የኖረው ደግሞ ጃዕፈር ሱቅ ውስጥ ነው።

«አዑዙ ቢላህ! ሌላ አሠሪ አጣህ?» ብሎ ጮኸበት ሽኩር። ዛኪር አቀረቀረ።

ሦስተኛው ሽማግሌ ጎረቤታቸው መርጋ ነበር። መኪና ውስጥ ገና እንደገቡ ሽኩር ጃዕፈርን አስጠነቀቀው፤ «እዚያ ቤት ስትጠየቅ ብቻ ነው የምትናገረው። ገባህ?»

«ሽምግልናን ውስጡን የማውቀው እኔ ነኝ» አለ ጃዕፈርና አንድ ፊልም መተረክ ጀመረ። መርጋ ከኋላ ሆኖ የተኛ መሰለ። ሽኩር መንገዱ ቶሎ እንዲያልቅለት ነዳጁን ረገጠው።

ሽኩርም ግን የራሱን ብልጠት አስቦ ነበር። ሐጂ በዳሶ ዲነኛ ናቸው። ስለዚህ በዋዜማው በዛኪር በኩል ጃዕፈር ሱቅ ፍላሽ ላይ መንዙማ አስጭኖ፣ ደራ ሲደርሱ መኪናውን በራቸው ላይ አቁሞ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ መንዙማውን እንደበራ ትቶት ገባ። ድምፁ ወደ ሳሎን ሲዘልቅ የሐጂ ልብ ይራራል ብሎ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ግቡ፣ ግቡ» ብለው ሐጂ ተቀበሏቸው። ሐጂ መንዙማውን ሰምተው ራሳቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉ ሽኩር ደስ አለው። ጃዕፈር አምስት ደቂቃ ታገሠ። ከዚያ «ሐጂ፣ ጅዳ ኤርፖርት ሲወርዱ በግራ በኩል እንዳይወጡ» አላቸው።

«ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ እኮ» አሉ ሐጂ።

«እንግዲያው ተሳስተው ነው የወጡት።»

ሽኩር በክርኑ ጎሸመው። ምን ዋጋ አለው! ከጅዳ ወደ ቀይ ባሕር፣ ከቀይ ባሕር ወደ ዓለም ጦርነት ተሻገረ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዛኪር አንድ ቃል የሚያስገባ ጠፋ። በመሃል መንዙማው አለቀና ምርቃቱ ጀመረ።

ዱም! ዱም! ዱም! የቆርቆሮው አጥር ተንቀጠቀጠ፣ የሐጂ ፍየሎች በግቢው ተበተኑ። ሐጂ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ይሄ ከእናንተ መኪና ነው?» አሉ። ሽኩር ሮጦ ወጥቶ ፍላሹን ነቅሎ ተመለሰ። ዛኪር አለቀለት፣ አይሱዙው ወሰዳት፣ ለእህቴስ ምን እላታለሁ እያለ ነው በሆዱ።

ጃዕፈር ብድግ አለ። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሽኩር ያዘዘኝ መንዙማ ብቻ ነው። ያን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዛኪር እንኳን ‹ለሽምግልና ነው፣ ዛሬ እንኳ ይቅር› ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ አልሰማኸውም?»

«እያወራሁ ነበር፣ ሐጂ።»

ሐጂ ትክ ብለው አዩት። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታወራው?»

«ይብሳል። ዛሬ ተጠንቅቄ ነው።»

«ልጁስ? አይቆጣህም?»

«ወላሂ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አላደረገብኝም። ስልኩን እየጠገነ ‹እሺ ጃዕፌ፣ ከዚያስ?› ይለኛል።»

የሐጂ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለካ ሳቅ ነው። «ያ ረቢ! እኔ አንድ ሰዓት አቃተኝ። ይሄን ሰው ዘጠኝ ዓመት የቻለ ልጄን ይችላታል። እሷም ወሬ ትወዳለች! ሰጥቻችኋለሁ! በሉ ፋቲሓ እንቅራ።» ከመጋረጃው ጀርባ የሑስና ሳቅ ተሰማ። መርጋ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሽኩር እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጃዕፈርም አብሮ ሳቀ።

ሲመለሱ ግን ጃዕፈር ጭጭ አለ። ሽኩር መጀመሪያ «ተገላገልኩ!» አለ በሆዱ። መልካሳ ሲቃረቡ ዝምታው ከበደው።

«ምነው፣ አኮረፍክ?»

«አይ» አለ ጃዕፈር በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ። «ችሎኝ ነው ለካ። እኔ እኮ ወዶ የሚሰማኝ መስሎኝ ነበር።»

ሽኩር የዛሬው ደስታ በማን እንደተገኘ አሰበና አፈረ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ ጠዋት የጀመርከው ፊልም… ወንድሙ ነው የገደለው?»

«አላውቅም» አለ ጃዕፈር ቀስ ብሎ። «መብራት ጠፍቶ መጨረሻውን አላየሁትም።»

ይህን ቃል ከጃዕፈር አፍ የሰማ ሰው በናዝሬት አልነበረም። መርጋ እንኳን ከኋላ ቀና አለ።

«መብራት እስኪጠፋ ያለውን ንገረኛ!» አለ ሽኩር።

ጃዕፈር ሽኩር እንደማያሾፍበት ለማረጋገጥ ፊቱን አየው። ከዚያ መላ ሰውነቱን ወደሱ አዞረ። «ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ትልቁ ከኢስታንቡል ይመጣል…»

ሽኩር እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፤ መኪናው ከሰማንያ ወደ አርባ ወረደ።

«እሺ ጃዕፌ፣ ከዚያስ?»