የጥዱ ሹመት

(ድሮ ታኅሣሥ ሲጋመስ በእኛ መንገድ ብርዱ ራሱ ደስ ይል ነበር። ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ሲወረድ ግራና ቀኙ ጥድ ነው። ለገና ዋዜማ እያንዳንዱ ቤት ከደጁ ያለውን ጥድ አምፖል ያለብሰዋል፤ እኛ ልጆቹ ከጥድ ጥድ እየሮጥን ዓይናችን እስኪጥበረበር እናይ ነበር። ዛሬ ዛፉም ሰዉም ሳስቷል። የቀረው ትልቁ ጥድ ከእኔ ከተሾመች ደጅ ፊት ለፊት ያለው ነው፤ መብራቱም የሚመጣው ከእኔ ሶኬት ነው። አምፖል የመስቀሉን ሹመት ከአባቱ የወረሰው እምሩ ነው። አምና አልበራለትም። ዘንድሮም የዋዜማው ደወል ተደውሎ ሰዉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ ካልበራ፣ ሹመቱ ለጓደኛው ለሐድጉ እንዲሰጥ ሰፈሩ ቆርጧል። አሁን ዋዜማው ነው፤ ሊመሽ ነው። እምሩ የአምፖሉን ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ መሰላል ላይ ቆሟል፤ ሐድጉ ከታች መሰላሉን ይዟል።)

ሐድጉ፦ ከላይ ነው እንጂ የሚጀመረው!

እምሩ፦ ከታች!

ሐድጉ፦ ከላይ!

እምሩ፦ አንተ ሰው፣ ሱሪህን በራስህ በኩል ነው የምታጠልቀው?

ሐድጉ፦ ኧረ በእግሬ። ሹራቤን ግን በራሴ ነው።

እምሩ፦ ጥድ ሹራብ ይለብሳል? ከታች ጀምሬ እየጠመጠምኩ እወጣለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበር።

ሐድጉ፦ አባትህ እኮ በረጅም ዘንግ ነበር የሚሰቅሉት፤ መሬት ቆመው።

እምሩ፦ ዘንግ የፈሪ ነው።

ሐድጉ፦ እሺ። ጠምጥመህ ስትጨርስ ታዲያ በየት ትወርዳለህ?

እምሩ፦ (እየሳቀ) በየት ትወርዳለህ ይለኛል! ሹመቱ አምሮህ ነው አይደል? ስማ ሐድጉ፣ እኔ ከዚህ በቀላሉ አልወርድም!

ሐድጉ፦ እኔ ስለ ዛፉ ነው ያልኩት።

እምሩ፦ ዝም ብለህ ያዝ! ደግሞ አንዴ ከተሰቀለ እስከ ጥምቀት ማንም እንዳይነካው። የመንገዳችን ልማድ ነው።

ሐድጉ፦ ማንም?

እምሩ፦ ማንም! ጳጳስ ቢመጣ!

(መሰላሉ አለቀበት። ከዚያ በኋላ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተንጠላጠለ፣ እየጠመጠመ ጫፍ ደረሰ። ሐድጉ ስፒናውን በመስኮቴ አስገብቶ ሰካ። ምንም የለም።)

እምሩ፦ በራ?

ሐድጉ፦ አልበራም።

እምሩ፦ ፌዝ የለም ማለት ነው።

ሐድጉ፦ አዎ የለም፣ የምሬን ነው። አልበራም።

እምሩ፦ ፌዝ ነው የምልህ!

ሐድጉ፦ ፌዝ አይደለም እያልኩህ!

እምሩ፦ አንተ ደነዝ! ሽቦው ውስጥ ኃይል የሚያመጣው ፌዝ ከሌለ መብራት በርቶ ያውቃል?

ሐድጉ፦ እኔ ቤት ማንም ሳያፌዝ ነው የሚበራው።

እምሩ፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው!

ሐድጉ፦ አምና የመጣው ሠራተኛ አፌዘብን እንጂ መች አበራልን?

እምሩ፦ ሂድና እትዬ ተሾመችን ጠይቅ። "ቤትዎ ፌዝ አለ ወይ?" በላቸው።

ሐድጉ፦ በዋዜማው? ለእሳቸው?

እምሩ፦ ሂድ ብዬሃለሁ!

(መጣ፤ ጠየቀኝ። የመለስኩለትን እሱው ይንገረው።)

እምሩ፦ እህስ፣ አለ?

ሐድጉ፦ ተቆጥተዋል። "ሳታስፈቅዱኝ ሰካችሁ፤ ማብሪያውን አጥፍቼ ዝም ብል ደግሞ ፌዝ ጨመራችሁበት። ፌዝ ባለበት አላበራም!" ብለዋል።

እምሩ፦ ወይኔ! የሽቦ ፌዝ ነው በላቸዋ!

ሐድጉ፦ ፌዝ በሽቦ ስላቸውማ ዘነዘና ነው የሚያነሱት።

(ደወሉ ተደወለ። ሰዉ ነጠላውን አጣፍቶ ከየቤቱ መውጣት ጀመረ።)

እምሩ፦ ደወሉ! ሹመቴ! ሐድጉዬ፣ የፈለግከውን በላቸው፤ ብቻ ይብራ!

ሐድጉ፦ (በመስኮቴ) እትዬ ተሾመች! ሳናስፈቅድዎ መሰካታችን ጥፋት ነው፤ ይቅር ይበሉን። ካሁን በኋላ ፌዝ የለም!

(ማብሪያውን ተጫንኩት። ጥዱ ከእግሩ እስከ ራሱ ቦግ አለ። ለአፍታ ያ የልጅነቴ መንገድ የተመለሰ መሰለኝ። ሰዉ እልል አለ።)

እምሩ፦ በራ! በራ! አላልኩም? ፌዙ መጣ!

ሐድጉ፦ ቀስ በል፣ ሰምተው ያጠፉታል! ፌዝ የለም ስላቸው አይደል ያበሩት?

እምሩ፦ በል ዞር በል፣ ልውረድና ሰዉ ይጨብጠኝ።

ሐድጉ፦ በየት?

እምሩ፦ በ... (ወደ ታች ያያል። ከእግሩ ሥር መርገጫው ሁሉ አምፖል ነው።) ሐድጉ።

ሐድጉ፦ አቤት።

እምሩ፦ እስቲ ትንሽ... እግሬ የሚያልፍበት ያህል ፈታ አድርግልኝ።

ሐድጉ፦ ጥምቀት ሳይደርስ? ጳጳስ ቢመጣ ያልከውሳ?

እምሩ፦ ታፌዝብኛለህ?

ሐድጉ፦ ኧረ ፌዝ የለም! ልማድ ነው። ነገ የገናው ዶሮ ወጥ ሲደርስ በአባትህ ዘንግ እናቀብልሃለን።

እምሩ፦ ሐድጉ፣ በቃ ሹመቱን ውሰደው!

ሐድጉ፦ አይ፣ እሱስ ያንተው ነው። በቀላሉ አልወርድም ብለህ የለ?

(ሐድጉ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። እምሩ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከእኔ ደጅ ፊት ለፊት ባለው ጥድ ላይ፣ ከጫፉ ቀይ አምፖል ከፍ ብሎ ነው።)