እመት መርፌ ስለ ጽጌረዳው ክሬም ወደ ከተማ የዘመቱበት ዜና

በዝንቱ ዓመት፣ ይኸውም የልብስ ማጠቢያ መኪናው ጮሆ ጮሆ ለዘላለሙ ዝም ባለ በማግስቱ ዓመት፣ የመጋረጃውም ጦርነት በዕርቅ ከተፈጸመ ወዲህ በመጀመሪያው የሙቀት ወር፣ ንግሥተ መርፌ ወፈትል፣ የቀዳዳ ሁሉ ጠላት፣ የሰፋውን አጥባቢ፣ የጠበበውን አስፊ፣ ያጠረውን አስረዛሚ የሆኑት፣ ሰፈሩም ሁሉ እመት መርፌ ብሎ የሚጠራቸው ልብስ ሰፊ፣ በእግር መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ታላቅ ፍርሃት መጣባቸውና እግራቸው ከመርገጫው ላይ ቀጥ አለ።

ልጆቼ፣ ይህ ምን ዜና ነው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ግድ የለም፣ ጠጋ በሉ። የቤት ሰላም የሚቆመው በትንሽ ነገር ነው፤ የሚናደውም በትንሽ ነገር ነው።

የፍርሃቱም ምክንያት እንዲህ ነበረ። እመት መርፌ ከታላቅ እህታቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር፤ ታላቂቱም ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ሲሆኑ፣ ያዩትን ሁሉ የሚደምሩ፣ የተደመረውን የሚያጣሩ፣ የተጣራውንም የሚናገሩ በመሆናቸው እመት ድምር ተብለው ይጠሩ ነበር። እኒህም እመት ድምር ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአንድ ክሬም በቀር ሌላ ፊታቸውን አስነክተው አያውቁም፤ እርሱም ውስጡን በማያሳይ ሰማያዊ ብልቃጥ የሚሸጥ፣ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸት፣ በቤቱም «ጽጌረዳዋ» የሚባል ነው። ማታ ማታ ፊታቸውን ከተቀቡ በኋላ በጣታቸው ጫፍ የቀረችውን እንጥፍጣፊ በታናሽ እህታቸው አፍንጫ ላይ ጠቅ ያደርጓታል፤ ይህም እመት መርፌ ገና ሕፃን ሳሉ የተጀመረ፣ ሽበትም ያልሻረው ሥርዓት ነው።

ታዲያ ነጭ ይሁን አበባ ያለበት ይሁን በሚል የመጋረጃው ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ሁለቱ እህቶች የሚነጋገሩት በጎረቤት አማካይነት ሆነ፤ የእመት መርፌም አፍንጫ ደረቀ። ያም ወራት «ዘመነ ደረቅ አፍንጫ» ተባለ። ከብዙ ሽምግልና በኋላ አንዱ መስኮት ነጭ፣ ሁለተኛው አበባ እንዲሆን ተፈርዶ ዕርቅ ወረደ፤ አፍንጫይቱም እንደገና ወዛች። ወዲያውም እመት ድምር ወደ ልጃቸው ዘንድ ለመሄድ ሻንጣቸውን አንሥተው፣ በደጃፉ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሚ አንቺ! በሩን ቆልፊ፣ አትክልቱን ውኃ አጠጪ፣ ሌላው ሁሉ ያንቺ ነው። ጽጌረዳዬን ግን በዓይንሽም እንዳትነኪያት! ኋላ አልሰማሁም ብትዪኝ ጉድ ይፈላል!»

እመት መርፌም ሰሙ፤ ሰምተውም አንገታቸውን ነቀነቁ። ነገር ግን የእግር መኪናውን የሚረግጡበት የቀኝ ተረከዛቸው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበርና፣ ዛሬ ለተረከዜ አንድ ጣት ብቻ፣ ነገም አንድ ጣት ብቻ እያሉ ቀጠሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ቀስ በቀስ ክሬሙ በእግር አለቀ። በዚያች ዕለት ጠዋት የብልቃጡ ቂጥ ታየ፤ በዚያችም ሰዓት ስልኩ ጮኸና የታላቅ እህት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦

«ዛሬ ማታ እገባለሁ! ፊቴ በመንገድ አቧራ ቆዳ ሆኗል፤ ጽጌረዳዬ ጠረጴዛው ላይ ትጠብቀኝ!»

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የተባለው ይኸው ነው። እመት መርፌ አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ያ ደረቅ ዘመን ሊመለስ መሆኑን ዐውቀዋልና። ቀጥሎም ተነሥተው ክተት አወጁ፦

«ያገሬ ሰው ተነሣ! ጫማ ያለህ አጥልቅ! ጽጌረዳዋ ሳይመሽ ካልተገኘች እኔ በዚህ ቤት ሰው አይደለሁም!»

ለዘመቻውም የከተቱት እነሆ። በቀኝ የወንድማቸው ልጅ ፀጉር ሠሪዋ፣ ጸሐፊተ ቅንድብ፣ ከርዳዳውን የምታለሰልስ፣ ሸበቶውን ልጅ የምታደርግ፣ ረጅም ተረከዝ ጫማ ተጫምታ ለመሮጥ የማትመች፣ ለመታየት ግን የምትመች። በግራ ጎረቤታቸው ጋሽ ጃንጥላ፣ ዐቃቤ ጃንጥላ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ በመጋረጃው ጦርነትም ጊዜ የሁለቱ እህቶች መልእክተኛ የነበሩ፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላቸውን ከእጃቸው የማይለዩ። ከኋላ ደግሞ ማንም የለም፤ ሠራዊቱ ይኸው ነበር።

እመት መርፌም ለናሙና የሚሆን ሰማያዊ ብልቃጥ ለመያዝ ከስፌት መኪናው በላይ ወዳለው መደርደሪያ እጃቸውን ሰደዱ። እዚህ ላይ ልጆቼ የዚያን ቤት ልማድ ማወቅ አለባችሁ። በዚያ ቤት ባዶ ዕቃ አይጣልም። የጽጌረዳዋ ብልቃጦች ባለቁ ቁጥር ታጥበው የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ይሆናሉ፤ በመደርደሪያውም ላይ እንደ ወታደር ይሰለፋሉ፤ የሸሚዙ፣ የሱሪው፣ የቀሚሱ፣ በዳር ደግሞ በሙቀት ወራት ማንም የማይከፍተው የካፖርቱ ቁልፍ። ዛሬ ያለቀውንም ብልቃጥ እመት መርፌ በድንጋጤ እዚያው መሀል ሰክተውት ነበር። ዓይናቸው መጀመሪያ በዳር ባለው ላይ ዐረፈ፤ የካፖርት ቁልፍ ነው ብለው አለፉት፤ ከመሀል አንዱን ላፍ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ጨመሩና ወጡ።

ከዚህም በኋላ የአውቶቡሱ ውጊያ ሆነ። ክርን በክርን ላይ ወጣ፣ እግር በእግር ላይ ተነባበረ፣ ረዳቱም ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ዐዋጅ ነገረ፦

«ጠጋ ጠጋ! ውስጥ ባዶ ነው! እናቴ ይግቡ፣ አባቴ ጃንጥላዎን ይሰብስቡ፣ ሰው ሊወጉ ነው!»

ጋሽ ጃንጥላም በተሳፋሪ ተጣብቀው፣ ኮፍያቸው ወደ ጆሮአቸው ዘንበል ብሎ መለሱ፦

«ይህ ጃንጥላ አንተ ሳትወለድ አውቶቡስ ተሳፍሯል!»

ሕዝቡም ሳቀ፤ በሳቁም መካከል ትንሽ ቦታ ተገኘ።

ወደ ትልቁ የገበያ ሕንፃ በደረሱ ጊዜ በፊታቸው በራሱ የሚሄድ ደረጃ ተገተረ። እመት መርፌ ዕድሜ ልካቸውን መኪና በእግራቸው እየመቱ ያስኬዱ ናቸውና፣ እግር ሳይመታው የሚሄድ ነገር አያምኑም። ቆመው ተመለከቱት፤ እርሱ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ይወጣል። ጸሐፊተ ቅንድብ በአንድ እጃቸው፣ ጋሽ ጃንጥላ በሌላው እጃቸው ይዘዋቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዘለሉ፤ ላይም ሲደርሱ ከመርፌ ቀዳዳ እንደ ሾለከ ክር ቀጥ ብለው ወረዱ። ያዩም ሁሉ አደነቁ፤ ወይም ቢያንስ መንገድ ለቀቁ።

የመዋቢያው መደብር መስተዋት በመስተዋት ነበረ፤ ሦስቱ ዘማቾች ሲገቡ ሠራዊታቸው በዝቶ ታየ፤ እመት መርፌም ጥቂት ተጽናኑ። ሽቶ የምትረጭ ልጅ እግር በደጃፉ ቆማ የገባውን ሁሉ ትረጫለች። ጋሽ ጃንጥላ የመጀመሪያው ጭጋግ ሲያገኛቸው ጊዜ አላጠፉም፤ ጃንጥላቸውን ቧ አድርገው ዘረጉ። ሻጯም ከወዲያ ማዶ አወጀች፦

«አባባ ጃንጥላውን ይዝጉልን! ዝናብ አይደለም፣ ሽቶ ነው!»

ይህች ሻጭ ቅንድቧ በእርሳስ የተሰመረ ነበረ። ጸሐፊተ ቅንድብ ቅንድቧን አየች፣ እርሷም የጸሐፊተ ቅንድብን አየች፤ ሁለት ጀግኖች በጦር ሜዳ እንደሚተያዩ ተያዩና ተከባበሩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፀጉር ሠሪዋ ለዘመቻው አልተገኘችም፤ የከንፈር ቀለሙን ሁሉ በእጇ ጀርባ ላይ እየሞከረች እጇ ቀስተ ደመና እስኪሆን ድረስ ተማረከች።

እመት መርፌ ግን ከሐሳባቸው ንቅንቅ አላሉም። በታላቅ ክብር ወደ ጠረጴዛው ቀርበው፣ ሰማያዊውን ብልቃጥ አውጥተው፣ የጽጌረዳዋ ሽታ ራሱ ይመስክር ብለው ክዳኑን በኃይል ከፈቱ። ወዮ! የሸሚዝ ቁልፍ እንደ በረዶ ዘነበ። ነጩ፣ ክሬም ቀለሙ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳው፣ ባለ አራቱ፣ በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ እየተንከባለለ ከጫማ ሥር ገባ። አንዲት ገዢም ከወዲያ፦

«እናቴ፣ ክሬምዎት ደርቋል መሰለኝ!» ብላ አወጀች።

በመደብሩ ያለ ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ፤ ሀብታሙም ድኻውም፣ የተቀባውም ያልተቀባውም፣ በመስተዋቱም ውስጥ ያሉት ሁሉ አብረው ጎነበሱ። እመት መርፌም በዚያ ሁሉ ጉብታ መካከል ብቻቸውን ቆመው፣ ዕፍረትና ግርማ ተቀላቅሎባቸው፣ «ያ ባለ አራቱ የውድ ሸሚዝ ነው፣ አደራ!» እያሉ ያዝዙ ነበር።

ቁልፉ ተለቅሞ ካበቃ በኋላ ሻጯ ብልቃጡን አገላብጣ አየችና ድምፅዋ ዝቅ አለ፦

«ውይ፣ ይህንንማ እናቴ ትቀባው ነበር! ፋብሪካው ተዘግቷል እኮ፤ ከተማውን ቢያስሱ አያገኙትም። አሁን ያለው የቀን አለ፣ የሌሊት አለ፣ ከዓይን በታች አለ።»

እመት መርፌም፦ «እኛ ቤት ፊት አንድ ነው፤ ቀንም እርሱው፣ ሌሊትም እርሱው!» ብለው ቢመልሱም፣ ልባቸው ተሰብሮ ነበር። የሚሆነውን ሳያውቁ አንዲት ነጭ ብልቃጥ አስጠቀለሉ፤ እርሷም በጋሽ ጃንጥላ እጅ ላይ ተሞክራ፣ ያ የመኪና መሪ ቆዳ የመሰለ መዳፍ ለስልሶ ባለቤቱን ራሱን ያስደነቀች ናት።

በመልስ ጉዞም ጸሐፊተ ቅንድብ በተቀለመው እጇ አየሩን እየቀዘፈች ምክሯን አወጀች፦

«አክስቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል! አዲሱን በአሮጌው ብልቃጥ ገልብጪውና ዝም በይ። በመነጽር የምታይ ሴትዮ ምን ታውቃለች!»

ምክሩ መልካም መሰለ። እመት መርፌም ቤት ገብተው ያለቀውን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አወረዱ፤ ማንኪያ አነሡ፤ ነጯን ከፈቱ። እርሷ ግን ዱባ ዱባ ትሸታለች። ማንኪያው በአየር ላይ ቆመ። ዛሬ ማታ እህታቸው በዚህ ሐሰተኛ ክሬም ጣታቸውን ነክረው አፍንጫቸውን ጠቅ ሲያደርጉ አሰቡት፤ ከደረቅ አፍንጫ ይልቅ የተሰረቀ ጠቅታ ከበዳቸው። ማንኪያውን አስቀመጡ።

በሩ ተከፈተ። እመት ድምር ከነሻንጣቸው፣ ከነአቧራቸው ገቡ። እመት መርፌም መቀመጫ እንኳ ሳይሰጡ፣ ባዶውን ብልቃጥ በሁለት እጃቸው ይዘው አወጁ፦

«እትዬ! ጽጌረዳሽን የጨረስኳት እኔ ነኝ! ሌባ አልገባም፣ አይጥም አልነካትም፤ ተረከዜ ነው የበላት። ላታልልሽም አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንግዲህ አፍንጫዬ ይድረቅ!»

እመት ድምር ሻንጣቸውን አስቀመጡ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ተረከዙ እንዲቀርብ በእጃቸው አዘዙ። ተረከዙም ቀረበ። ብዙ ከመረመሩት በኋላ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦

«የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ ውሸት ነው! እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ተቀብቼ ፊቴ እንዲህ አላማረም!»

ቀጥለውም የካፖርቱን ቁልፍ አምጪ አሉ። እመት መርፌ ቅጣቱ ካፖርት መስፋት መስሏቸው በዳር ያለውን ብልቃጥ አመጡ። ክዳኑ ሲከፈት ግን የተንኳኳ ቁልፍ የለም፤ ያልተነካ፣ ለስላሳ፣ አፍ ለአፍ የሞላ ክሬም ነበረ፤ የጽጌረዳም ሽታ ነጩንም ባለ አበባውንም መጋረጃ ሞላው። እመት ድምር ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አወጁ፦

«ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ሲሉ ሰምቼ ሁለት ገዛሁ፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ላንቺ። ያኔ ተኳርፈን ነበርና በእጄ መስጠት ከበደኝ። ቁልፍ ስትፈልጊ ታገኚዋለሽ ብዬ አሰለፍኩት። ሙቀቱ እንዲህ ቸኩሎ ይገባል ብሎ ማን ደመረ! ከዚያማ ብነግርሽ ሽንፈት መሰለኝ።»

ይህንም ብለው የእጅ ቦርሳቸውን ከፈቱና በጨርቅ የተቋጠረ የካፖርት ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ፦

«ቁልፎቹም ይኸው። ቦርሳዬ ውስጥ ረስቻቸው ልጄ ቤት ድረስ ወስጄ መለስኳቸው!»

በአንድ ቀን ሁለት እህቶች ሁለት ቋጠሮ ቁልፍ አገር ሲያዞሩ እንደዋሉ ባወቁ ጊዜ፣ ሳቃቸው ጋሽ ጃንጥላን ከጎረቤት ጠራቸው፤ እርሳቸውም ጃንጥላቸውን ይዘው ሮጡ። እመት መርፌም አዲሱን ጽጌረዳ በጣታቸው ጫፍ ነክተው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ደፍረው የማያውቁትን አደረጉ፤ በታላቅ እህታቸው አቧራማ አፍንጫ ላይ ጠቅ አደረጉት። ታላቂቱም ወዲያው ብድሩን መለሱ።

ነጯ ብልቃጥ ለጋሽ ጃንጥላ በሽልማት ተሰጠች፤ የቀረችው ጽጌረዳም ለሁለት አፍንጫ የጋራ ርስት እንድትሆን ተፈረደ፤ ለተረከዝ ግን በበዓል በበዓል ብቻ ተፈቀደላት። በቤቱም ሕግ ተደነገገ፦

«ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ለፍለጋ ወደ ከተማ ሳይወጣ በፊት፣ የቤቱን ክዳን ሁሉ ይክፈት!»

ዘመኑም «ዘመነ ክዳን» ተባለ። እነሆ፣ ደረጃውን በጨፈነ ዓይን የወጡ፣ መደብሩን በቁልፍ ያንበረከኩ፣ ማንኪያን በአየር ላይ ያቆሙ፣ በባዶ ብልቃጥ እውነትን የተናገሩ እመት መርፌ ይክበሩ፤ ፈትላቸው አይበጠስ፣ ተረከዛቸው አይሰንጠቅ፣ ማታ ማታም ከተኮራረፈ ቤት ሁሉ ዘንድ አንዲት የወዛች ጣት አትጥፋ። እናንተም ልጆቼ፣ ወደ ቤት ስትገቡ መደርደሪያችሁን እዩ፤ በዳር ያለውን ደግሞ ቁልፍ ነው ብላችሁ አትለፉት።