ማይሉ የእኔ፣ ማራቶኑ የደብሬ

ዛሬ ከቤት አልወጣሁም። አፍሬ ነው።

የልጅ ልጄ በቱታ የተነሣሁትን የድሮ ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ ለጥፋ «አያቴ የማራቶን ጀግና ነበረች!» ብላ ጻፈችበት። እስከ ምሳ ሰዓት ላይኩ ዘነበ። አንዱማ «የሀገር ኩራት» ብሎኛል።

ወገኖቼ፣ ያን ቱታ የለበስኩት ስምንት ቀን ብቻ ነው!

እውነቱን ልናገር። ጊዜው ደርግ ነው፤ እኔ ደባርቅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጎንደር ለሚደረገው ማራቶን ከአውራጃችን አንዲት ሴት ትመረጣለች ተባለ። የስፖርት መምህራችን፣ ሰው ይበዛል ብሎ፣ ማጣሪያውን ቅዳሜ በገበያ ቀን አደረገው። ርቀቱ አንድ ማይል፣ ሜዳውን አራት ዙር።

አንደኛ ወጣሁ። ያውም በሰፊ ልዩነት!

መጨረሻ የወጣችው ደብሬ የምትባል፣ ገበያ የመጣች የጊች መንደር ሴት ናት። ሸክሟን አውርዳ በኮንጎ ጫማ ሮጠች። እኔ ደግሞ ጓደኞቼ እንዲሰሙልኝ ጮክ ብዬ «እቴ፣ ገበያው ሳይበተን ድረሺበት!» አልኳት።

ሸክሟን አንሥታ ወደ ገበያው ሄደች።

መምህሩ «ማይሉን የፈጠነ ማራቶኑም የእሱ ነው» ብሎ ቱታውን አለበሰኝ። ለወጉ ያህል ግን በሳምንቱ ሁላችንም ከዳባት እስከ ደባርቅ እንድንሮጥ አዘዘ።

ከዳባት እንደ ጥይት ተወነጨፍኩ። በመጀመሪያው ማይል ዘወር ብል ከኋላዬ ሰው የለም። በሁለተኛውም የለም። ጎንደር ስገባ እጄን እንዴት እንደማውለበልብ ማሰብ ጀመርኩ።

ስድስተኛው ላይ ኮቴ ሰማሁ።

ደብሬ ናት! ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። አጠገቤ ስትደርስ በሐዘኔታ አየችኝ።

«እኅቴ፣ ምነው ቆምሽ? አመመሽ እንዴ?»

እየሮጥኩ እኮ ነው!

ዘጠነኛው ላይ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። መምህሩ በላንድሮቨር እየተከተለ የእያንዳንዱን ማይል ሰዓት ይለካ ነበር። እኔን ሊጭነኝ ሲቆም የእጅ ሰዓቱን አራግፎ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«የቆመ መሰለኝ። የደብሬ ማይል ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ።»

ሰዓቱ አልቆመም ነበር።

እስከ ደባርቅ ከኋላዋ ሆኜ አየኋት። ሞተሩ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት እሷ ያው ናት። አልፈጠነችም፣ አልዘገየችም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም።

ቱታውን አውልቄ ሰጠኋት፤ ለጎንደር የተመረጠችው እሷ ሆነች።

ጥቂት ቀን ካረፈች በኋላ መምህሩ ማይሉን እንደገና አስሮጣት። ከእኔ ያነሰችው በጥቂት እርምጃ! ለካ ያን ቅዳሜ፣ ዓርብ ከጊች ተነሥታ፣ መንገድ አድራ፣ ገብስ ተሸክማ እንደደረሰች ነው ያሮጥናት። እኛ የለካነው ድካሟን ነበር። ከየት መጣሽ ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው የለም።

ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ ከአፌ ሌላ ነገር ወጣ። «ለመሆኑ መቼ ነው የሚደክምሽ?»

አሰብ አደረገች። «መንገዱ ሲያልቅ» አለችኝ።

ወዳጆቼ፣ ፍጥነት ከንቱ ነው አልልም፤ ፍጥነትማ እሷም ነበራት። የእኔ ችግር፣ በማራቶን ከአንዱ ማይል በኋላ ሌላ ሃያ አምስት መኖሩ ነው። በአንድ ማይል ተመክቶ የሃያ ስድስቱን ያወራ እናንተ ዘንድም አለ? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?