በድምፅ የተመረጠ ቡሶላ

ዕቃ ሳያንኳኳ የማይገዛ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኝ፣ ድንጋጤው እስካሁን አለቀቀኝም። ጋሽ አለኸኝ ገበሬ ሳሉ ማረሻ በድምፁ ሲመርጡ ኖረው፣ ዛሬ ባጃጅ ሲነዱም ልማዱ አልተዋቸውም። የብሎን መፍቻ ቡሶላ ሊገዙ ደብረ ማርቆስ ገበያ ገብተው የጀርመኑን፣ የጃፓኑን፣ የቻይናውን ድንጋይ ላይ እያንኳኩ አዳመጡ። ልዩ ልዩ ቁጥር ከያዘው ከየሳጥኑ ጥርት ብሎ የጮኸላቸውን ብቻ ለቅመው ገዙ። ባለሱቁስ ምን ይበል?

በማግስቱ ለሚዜነት አማኑኤል ከተማ ሲያደርሱኝ መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ልቀይር ብዬ ቡሶላዎቹን ተራ በተራ ሞከርኩ፤ ሁሉም ለብሎኑ ሰፉ። ጎን ለጎን ሳቆማቸው ክው አልኩ።

«ጋሽ አለኸኝ፣ የገዙት ሁሉ አንድ ቁጥር ነው እኮ።»

እሳቸውም ደነገጡ።

«ለካ» አሉ፣ «ሳንኳኳው ጀርመንም ቻይናም ጥራቱ እኩል የሆነብኝ ለዚህ ነው።»