ድንኳኑ ለማን ተተከለ?

ያየችውን ዕቃ ሁሉ ለትምህርት ቤት የምትመኝ መምህርት አጋጥማችሁ ታውቃለች? እኔ አብሬያት አስተምራለሁ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር መምህርት የሺ ስታልፍ ሰው ዕቃውን ይደብቃል። የጠላ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ዛሬ አንደኛ ክፍል ነው፤ የወፍጮ ቤቱ አሮጌ ሚዛን ሒሳብ ያስተምራል።

በግንቦት ወር ነፋስ የሦስተኛ ክፍልን ቤት ጣለው። ርእሰ መምህሩ «ወረዳው እስኪሠራልን ልጆቹ ቤታቸው ይቆዩ» አሉ። የሺ ግን ፈተና ደርሷል ብላ ከእድሩ ዕቃ ጠባቂ ድንኳን ተዋሰችና ግቢው ውስጥ አስተከለች።

የእድር ድንኳን ተተክሎ አይቶ ቤቱ የሚቀመጥ ጎጃሜ አለ እንዴ? ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ተሸክመው፣ እያለቀሱ ደረሱ። ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ዶማና አካፋ ይዘው መጡ።

የእድሩ ዳኛ አያ ታረቀኝ «ልጄ፣ ማን አረፈብን?» አሉ።

እኔ የምገባበት ሳጣ፣ የሺ ዓይኗ ዶማው ላይ ነበር።

«ማንም አልሞተም፣ አያ። ክፍላችን ነው የወደቀው።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ሰው በከንቱ አስለቀስሽው?»

«ምነው በከንቱ? ልጆቹ ትምህርት ካቆሙ ማልቀስዎ መች ይቀራል? ቀደም ብለው መጡ እንጂ።»

አያ ታረቀኝ ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሩ። «ዶማ ይዞ ወጥቶ ሳይቆፍሩ መመለስ ደግ አይደለም» አሉ።

የክፍሉ ምሰሶ ጉድጓድ በዚያው ቀን ተቆፈረ፤ ንፍሮውን ልጆቹ በሉት። ለቅሶ ደግሞ እስከ ሰልስት አይደል? አገሩ በማግስቱም እየተመላለሰ ግድግዳ ማገረ፣ ጭቃ ለጠፈ። በሰልስቱ ድንኳኑ ሲነቀል ክፍሉ ቆሞ ነበር።