ተለምና የበላች ጥንቸል

«በሞቴ» ካልተባለ የማይበላ ሰው ታውቃላችሁ? እዚህ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር፣ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ እንዲያ ናቸው። ቢርባቸውም እስከ ሦስተኛው ልመና «ጠግቤአለሁ» ነው መልሳቸው።

አገር ቤት መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ከቶሮንቶ ወጣ ብሎ ወደሚካሄድ «ፌር» ወደሚሉት የገበሬዎች ትርኢት ይዣቸው ሄድኩ። ለውድድር የመጡ ጥንቸሎች በየሽቦ ቤታቸው ተደርድረዋል። አንዷ ድርቆሿን አልነካችም። ባለቤቷ ሽማግሌ ገበሬ ተጨንቋል።

«ቦታው አዲስ ሆኖባት ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። እንዲህ ከቀጠለች ትሞትብኛለች» አለኝ።

ይህን ስተረጉምላቸው እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ድርቆሹን በሽቦው መሃል እያቀበሉ «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!» እያሉ ግማሽ ሰዓት ለመኗት። ጥንቸሏም፣ እሳቸውን ለመገላገል ይመስለኛል፣ መቆርጠም ጀመረች።

ገበሬው ደስ ቢለው ከምሳው ሳንድዊች አንሥቶ ዘረጋላቸው።

«ኖ፣ ታንክዩ» አሉ እትዬ፣ ለወጉ ያህል።

«ኦኬ» ብሎ መልሶ ጠቀለለው። ምን ያድርግ? አልፈልግም ተባለ!

ወደ ቤት ስንመለስ ባስ ውስጥ ሆዳቸው ሲጮኽ ይሰማኛል።

«ያችን አውሬ እንኳ ግማሽ ሰዓት ለመንኳት» አሉኝ በመጨረሻ። «እኔን አንዴ ብቻ?»

አሳዘኑኝ። ከቦርሳዬ ዳቦ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«ኧረ ጠግቤአለሁ» አሉ።