በወረቀት የሞተችው ስመኝ

ፋናዬ ትናንት ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ደፋ ብላ ሳለ ሕልም አየች። የቀን ሕልም ነውና ፍቺ አትፈልጉለት፤ እንዳየችው ልንገራችሁ።

ፋናዬ በአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከኩባንያዎችና ከፋውንዴሽኖች ድጋፍ የማሰባሰቡን ሥራ ትመራለች። ሲጠሩት ያምራል እንጂ ሥራው ደጅ መጥናት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየመሥሪያ ቤቱ እንግዳ መቀበያ ስትቀመጥ ኖራ፣ የየትኛው ኩባንያ ሶፋ ወገብ እንደሚያሳምም በቃሏ ታውቃለች።

በሕልሟ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ብቅ ስትል የከተማው ሥራ አስኪያጆች ከትምህርት ቤቱ በር እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። ከረባታቸውን በጀርባቸው በኩል አስረው፣ እያንዳንዳቸው ፕሮፖዛል ታቅፈዋል። ዘበኛው ጋሽ ደምሳሽ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ ይመልሳቸዋል።

«ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት፤ የዛሬ ሳምንት ኑ።»

«ጌታዬ፣ ባለፈውም ሳምንት እንዲሁ ብለውን ነበር።»

«እንግዲያው ለምዳችሁታል።»

ፋናዬ ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል። ወንበሯ ላይ ተደላድላ የመጀመሪያውን አስገባችው። ጫማውን በእጁ የያዘ፣ ትልቅ ሆድ ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«እመቤቴ፣ ገንዘባችንን ውሰዱልን። በምትኩ አንድ ዜማ ብትሰጡን ይበቃናል።»

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው። ታሪክህ ምንድን ነው? ልብ የሚነካ መሆን አለበት።»

ሰውየው አቀረቀረ። «እናቴ ሞታለች።»

ከኋላው አንዲት አሮጊት ምሳ በጨርቅ ቋጥረው ቆመዋል።

«እኒህስ ማን ናቸው?»

«እናቴ ናት።»

«ሞታለች አላልክም?»

«በወረቀት ነው የሞተችው። በሕይወት ሳለች ወረቀታችንን የሚያነብልን አጣን።»

አሮጊቷ በሞታቸው የተከፉ አይመስሉም። «እሱስ ይሁን፤ ምሳውን ብቻ ይብላልኝ» አሉ።

እዚህ ላይ ፋናዬ በሕልሟም ቢሆን አፈረች። ምክንያት አላት። የትምህርት ቤቱ የክራር ክፍል ድጋፍ ካላገኘ በሰኔ ይዘጋል፤ አሥራ አራት ልጆች ይበተናሉ። ፋናዬ ለአንድ ፋውንዴሽን ሁለት ጊዜ ጽፋ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል። የጻፈችው ስለ ምንታምር ነበር። ምንታምር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ክራር ስትይዝ የሰማት ሁሉ የመጣበትን ጉዳይ ይረሳል። እናቷ ስመኝ እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ትሠራለች። ፋውንዴሽኑ «ታሪኩ ኃይል ይጎድለዋል» አለ። በሦስተኛው ጊዜ ፋናዬ፣ ምንታምር እናቷን በሞት ያጣች ልጅ ናት የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረችበት። መልስ ለመስጠት ዓመት የሚፈጅበት ፋውንዴሽን ወር ሳይሞላ «ታሪኩ ልብ ይነካል» ብሎ መለሰላት። ልጅቷን በዓይናቸው ሊያዩ ደግሞ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ፋናዬ ለስመኝ ልትነግራት ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ ስንት ጊዜ ዘጋችው።

ወደ ሕልሙ እንመለስ። ፋናዬ አሮጊቷን ላለማየት ወደ ኮሪደሩ ሸሸች። እዚያ የሚያስተምሩት መሣሪያዎቹ ናቸው። ፒያኖው መምህሩን «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» እያለ ይቆጣል። አንድ ክራር ወንበር ላይ ተቀምጦ ምንታምርን ታቅፏታል፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየጠመዘዘ ይቃኛታል። ድምፅ ግን አልወጣትም።

«ይቺ ልጅ አንድ ክሯ ተበጥሷል። ማነው የበጠሰው?» አለ ክራሩ።

«ኮሚቴው ነው» አለች ፋናዬ።

ኮሚቴ የሚባል አልነበረም፤ ብቻዋን ነው የጻፈችው። ክራሩም ይህን ያወቀ ይመስል የፋናዬን ጣቶች አየ።

ተመልሳ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ሰልፉ አልቆ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ስመኝ ናት። ባልዲዋን መሬት አስቀምጣ፣ እርጥብ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወረቀት ዘረጋች። በልጅ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነው፤ «በሕይወት መኖር እፈልጋለሁ» ይላል።

ፋናዬ አልቅሳ ልታቅፋት ፈለገች። ከአፏ የወጣው ግን አሥራ አንድ ዓመት ስትሰማው የኖረችው ቃል ነው።

«ጥያቄሽ መልካም ነው። ነገር ግን ከዘንድሮው ትኩረታችን ጋር አይሄድም።»

«እሺ» አለች ስመኝ። «ለከርሞ ልሞክር?»

«ለከርሞ ሞክሪ።»

ስመኝ አመስግና ወረቀቷን አጠፈች። ፋናዬ ልትጠራት ስትነሣ አንድ እጅ ትከሻዋን ነቀነቃት።

«እትዬ ፋናዬ፣ ይነሡ። እንግዶቹ በር ላይ ናቸው።»

ስመኝ ነበረች፤ እውነተኛዋ። የሥራ ጋውኗን አውልቃ ነጠላ ለብሳለች።

«ምንታምርን ጸጉሯን ሠርቻታለሁ። ሲጠይቋት የምትለውንም ነግሬያታለሁ።»

«ምን በይ አልሻት?»

«እናቴ ሞታለች በይ ብያታለሁ።» ስመኝ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ወረቀት አስተካከለች። «ይቺን ጠረጴዛ ስወለውል የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ሁለት ወር አለፈኝ። እርስዎ እስኪነግሩኝ ስጠብቅ ነበር።»

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ሳለማምዳት አልቅሳለች፤ እዚያም ብታለቅስ እንዳይቆጧት» አለች ስመኝ።

ልጅቷ ብታለቅስ እንግዶቹን ይበልጥ እንደሚነካቸው ለፋናዬ ወዲያው ታያት። ይህን በማሰቧ ራሷን ጠላች።

ስመኝ በሩ ሥር ያስቀመጠችውን ባልዲ አነሣች። «እንግዲህ እስኪሄዱ እኔ ጓሮ ሞቼ እቆያለሁ። መስኮቱን ብቻ ይክፈቱልኝ፤ ስትጫወት ልስማት።»

ፋናዬ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች።